በወተት የተሰጠ መድኃኒት

ነገሌ ስንገባ መጀመሪያ ያስገረመኝ ሙቀቱ አልነበረም። በሙቀቱ ገና አዲስ አበባ እያለን ያገኘኝ ሁሉ ሲያስፈራራኝ ስለነበር ተዘጋጅቼበት ነበር። ያስገረመኝ ሰላምታው ነው። ሁለት ቦረናዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆሜ አያቸዋለሁ። አንዱ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጉድጓዱ ውሃ ይጠይቃል፤ ሌላው ለሁሉም «ናጋ» እያለ ሰላም መሆኑን ይመልሳል። ከዚያ ተራው ይደርስና እሱ ደግሞ ሀ ብሎ ይጀምራል። ጉዳይ ያለው ሰው እንዲህ ቆሞ እንዴት እንደማይመሽበት ሊገባኝ አልቻለም። ባሌ «ሰው ላይ አታፍጥጪ» እያለ ነጠላዬን ይጎትተኛል።

ምን ላድርግ፣ ነገር ሳልጠይቅ ማደር አልችልም። እናቴ «ይቺ ልጅ ለምን ብላ ተወልዳ ለምን ብላ ትሞታለች» ትል ነበር። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፍ ይውልና ቤት ሲገባ ደግሞ የእኔ ችሎት ይጠብቀዋል። ያኔ ዘመኑ የንጉሡ ነበር፤ ዝውውር ከላይ ይመጣል፣ ዕቃ ጭኖ መሄድ ነው። ባገሩ ዘመድ የለን፣ ልጅ ገና አልወለድን፣ እኔም ሥራ የለኝ። ስለዚህ ጥያቄዬን ሁሉ ግቢያችን ላይ አራገፍኩት።

ግቢው የአከራያችን ነው። ባላቸው የሞቱባቸው የቦረና ሴት ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። አማርኛውን ከገበያና ከወታደር ሚስቶች ለቅመው የራሳቸው አድርገውታል። አንድ ወንድ ልጃቸው ከብቱን ይዞ ወደ ዳዋ ወንዝ ወርዷል፤ እሳቸው ጥቂት የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች፣ አንድ ውሻም ይዘው ከተማው ዳር ቀርተዋል። ለውሻው ስም አላወጡለትም። በኦሮምኛ «ሳሬ» ይሉታል፤ ውሻ ማለት ነው፣ በቃ። ግን አንድ ቀን ሲጠሩት የሰማ ሰው ከዚያ የበለጠ ስም አይመኝለትም።

እኛም ለአይጥ ብለን ያስገባናት አንዲት ግራጫ ድመት ነበረችን። ውሻውና ድመቷ አይዋደዱም፣ አይጣሉምም። እንደ ሁለት መሥሪያ ቤት ሰዎች ሳይነካኩ ይተላለፋሉ።

ሁዳዴ ገብቶ ሰንበት እንዳለ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ታመሙ። ድመቷን ሌላ ድመት አንገቷ ላይ ነክሷት ያ ቦታ አብጦ መግል ቋጠረ። ውሻው ደግሞ በቆሎ ሊያጠፋ የመጣ ከርከሮ አባሮ፣ ከርከሮው ዞሮ በክራንቻው ጎኑን ቀደደው። አከራያችን ቁስሉን አጥበው ነበር። ከላይ የተሻለው መሰለ፤ ውስጡ ግን እያመረቀዘ ነበር። ውሻው መብላት አቆመ፣ አፍንጫው ደረቀ፣ ሲነኩት ትኩስ ነው።

ባሌ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ በየወረዳው እየዞረ ደስታ ለሚባለው ከብት ፈጂ በሽታ የሚከትብ ወጣት የከብት ሐኪም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት መጥቶ ካርታ ይጫወታሉ። ያን ቅዳሜ ካርታውን ከእጁ ቀምቼ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ሁለቱንም ቁስሎች በስቶ፣ መግሉን አፍስሶ፣ በፈላ የጨው ውሃ አጠበ። የፔኒሲሊን መርፌ ከአዲስ አበባ መኪና እስኪመጣ ድረስ አልቆበታል። ቴትራሳይክሊን የሚባል ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ግን ነበረው።

ባሌ በዚህ መሀል ገባ። «ለጥርሴ የተሰጠኝ ክኒን ተርፎ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ለድመቷ ከሱ አንሰጣትም?» አለ።

«ያንተ ጥርስ ሌላ፣ የሷ አንገት ሌላ» አለው ሐኪሙ። «ይልቅስ አንተ ለምን ሳትጨርሰው ቀረህ?»

እኔ ደስ አለኝ፤ ያን ጥያቄ እኔም ጠይቄው ነበርና።

«መድኃኒት በክብደት ነው» አለ ሐኪሙ ወደ እኛ ዞሮ። «ለውሻው የሚበቃውን ለድመቷ ብንሰጣት ሊገድላት ይችላል። አሳንሰን ብንሰጥ ደግሞ በሽታው ይላመደዋል። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልገናል።» ሚዛን ያለው ቆዳ ነጋዴው ጋ ነው። ድመቷን በጆንያ፣ ውሻውን በአሮጌ ብርድ ልብስ አዝለን ሄድን። ነጋዴው የተንጠለጠለው ሚዛኑ ላይ ድመቷን ሰቅሎ «ቆዳው ሳይገፈፍ እዚህ የተሰቀለ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ጆንያው ሲወራጭ ሰዉ ተሰበሰበ። ውሻው ግን ሲሰቀል ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። አከራያችን እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር አድርገው ቆመው ነበርና ነጋዴው «እማማ፣ እርስዎም እየተመዘኑ ነው» ብሎ ቀስ አድርጎ እጃቸውን አወጣው።

ሐኪሙ የድመቷን ድርሻ ለማውጣት እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን ወረቀት ላይ በቢላ ጫፍ ከፋፈለ። ከዚያ መመሪያውን ሰጠን። ጧትና ማታ ይሰጣል። ዳኑ ተብሎ አይቋረጥም፤ የታዘዘው እስኪያልቅ ነው። ሙቀት ያበላሸዋልና ጥላ ቦታ ይቀመጥ፤ ቀለሙ ከተለወጠ ይጣል። ለድመት ደረቅ መድኃኒት ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላታልና ሁልጊዜ ውሃ ይከተል። በኃይል የሚያስመልሳቸው ከሆነ አቁማችሁ ጠብቁኝ። «ሆዱን እንዳይበጠብጠው ለውሻው በምግብ ስጡት» አለና በማግስቱ ለክትባት ወደ አሬሮ ወረዳ ሄደ።

የእኛ ቤት መድኃኒት አሰጣጥ መዓት ነበር። ባሌ ድመቷን በጋቢ ጠቅልሎ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥቶ ይይዛል። እኔ ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ በማንኪያ ከጥርሷ ጎን በኩል ቀስ እያደረግኩ አፈሳለሁ። ትን እንዳይላት እፈራለሁ፤ እሷ ግን እኔን እንጂ ሞትን አትፈራም። ምግብ ውስጥ ደባልቄ ለመስጠትማ ቤታችን ጾም ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፤ ሽሮና ጎመን ለድመት ምኗ ነው? መጀመሪያ ቀን አፏ አረፋ በአረፋ ሲሆን መርዝ የሰጠኋት መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ለምን አረፋ እንደደፈቀች ለማወቅ ከዱቄቱ በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት። እንዴት ይመርራል። እኔም ብሆን እደፍቅ ነበር። ባሌ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያለ የተቧጨረ ክንዱን ያሳየኛል።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ ድመቷ አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከዚያ አይጥ ይዛ መጥታ ደጃፌ ላይ ጣለች፤ በሁዳዴ።

ውሻው ግን ባሰበት። ቁስሉ መግል ይቋጥራል፣ ኋላ እግሩን መጎተት ጀመረ፣ ዝንብ እንኳ አያባርርም።

አንድ ጧት አከራያችን ከጥጆቹ በረት አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ኢንታላ፣ ናጋ ቡልቴ?» አሉኝ፤ ልጄ፣ በሰላም አደርሽ ወይ ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ እማማ። እሱስ?»

«እሱ እምቢ አለ።» ቀጥለውም «ልጄ ጋ ሰው ልኬያለሁ» አሉ። «ሳሬ ከሞተ ጅቡ ጥጃ ይበላል። እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? ልጄ ይመጣል፣ ይወስደኛል። ቤቱ ይዘጋል። ይህን ቤት የሱ አባት ነው የሠራው፤ ግንዱን በትከሻው አምጥቶ። እኔ እዚህ መሞት ነበር የምፈልገው።»

ከዚያ ድመታችንን አዩዋት፤ አጥር ላይ ተቀምጣ እግሯን ትልሳለች። «የእናንተ ጾም ነው መሰለኝ» አሉ። «ድመት ታስጾማላችሁ፣ ትድናለች።»

ባሌም ማታ ይህንኑ አለ፣ እሱ ግን እያሾፈ አልነበረም። ጾም ያልገባበት ቤት መድኃኒቱም አይባረክም ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ከአንድ ብልቃጥ የወጣ። ሰጪው ያው ሐኪም። ሁለቱም በክብደታቸው። እግዜር ውሻን በጌታው ጾም ይፈርድበታል ማለት አንጀቴ አልቀበል አለው። እንግዲያው ለምን?

ከማግስቱ ጀምሮ አከራያችን ሲሰጡት ቆሜ ማየት ጀመርኩ። እንክብሉን ጥላ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ ከእኔ የተሻለ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ። ቀለሙ አልተለወጠም። ሰዓቱን በከብት መውጫና መግቢያ ያውቁታል፤ አንዴም አያሳልፉም። ውሻው ሌላ ነገር ሁሉ እምቢ ብሏልና የሚጠጡትን ከሚያልቡባት ላም የተገኘውን ትኩስ ወተት በጮጮ፣ በወተት ዕቃቸው፣ ያመጣሉ። ቆንጆ የሆነ ጭስ የጠጣ ጮጮ ነው፣ ለእንግዳ የሚወጣ ዓይነት። እንክብሉን ከፍተው ዱቄቱን ይነሰንሳሉ፣ በጣታቸው ያማስላሉ፣ የውሻውን ራስ ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ። እሱም እስከ ጠብታው ይልሳል። «በምግብ ስጡት» ተብለው የለ? በእሳቸው ቤት ምግብ ማለት ወተት ነው። ሰው ሲወለድም ሲሞትም፣ እንግዳ ሲመጣም ሲታረቅም ወተት ነው። እኔ ለድመቴ ያንን አንድ ጠብታ እንኳ አልሰጠኋትም ነበርና ሳያቸው አፈርኩ። ጥፋት ፍለጋ ሄጄ ያየሁት ፍቅር ብቻ ነው።

ሐኪሙ ከአሬሮ አቧራ ለብሶ ሲመለስ ገና ሳይታጠብ ያዝኩት። ሻይ ሰጠሁትና ሁሉንም ነገርኩት፤ የእኛን አሰጣጥ፣ የእሳቸውን አሰጣጥ፣ ማንኪያውን፣ አረፋውን፣ ጭሱን፣ ጮጮውን። «የድመቷ ቁስል ትንሽ ነው፤ መግሉ ከወጣ ግማሽ መዳን ነው» አለ በመጀመሪያ። እኔ ግን አላቆምኩም። «ውሃ ነው የሰጠኋት፤ እሳቸው ደግሞ ይህን የመሰለ ወተት...» ስል ሻዩን አስቀመጠው።

«በምን?» አለ።

«በወተት። በምግብ ብለህ የለ?»

ግንባሩን ያዘ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። «አሬሮ ድረስ ይሰድቡኛል» አለ። «ይህ እንክብልህ ውሃ ነው፣ አይሠራም ይሉኛል። ሰውም ይለኛል፣ ባለ ውሻም ይለኛል። በምን እንደሚሰጡት አንድ ቀን አልጠየቅኩም። እኔ ያደግኩበት ቤት ምግብ እንጀራ ነው።»

ከዚያ አስረዳኝ። ወተት ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ አጥንት የሚያጠነክረው። ይህ መድኃኒት ያንን ነገር ሆድ ውስጥ ሲያገኘው ይያያዛሉ፤ ተያይዘው ያልፋሉ እንጂ መድኃኒቱ ወደ ደም አይገባም። ሌላ መድኃኒት ቢሆን ወተት ምንም ላያደርገው ይችል ነበር። ይህ ግን ከወተት ጋር አይሆንም፤ ከወተቱ በፊት ወይም ረዘም አድርጎ ቆይቶ መሰጠት አለበት። በሕይወቴ ጥያቄ ጠይቄ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ መልስ አላስታውስም። ወዲያው ደግሞ የአከራያችን ፊት መጣብኝ። ይህን ማን ይነግራቸዋል?

አብረን ሄድን። ሐኪሙ በአክብሮት፣ «አንቱ» እያለ ነገራቸው። እሳቸው ሲሰሙ ቆዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ወተት ይጎዳል ነው የምትለው?» አሉ። «እኔ ሰባ ዘመን ወተት ጠጣሁ። ልጆቼ ወተት ጠጡ። አንተ ከየት መጥተህ ነው ወተት የምትሰድበው?» ሐኪሙ ስለ ደም፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ሆድ ሊያስረዳ ሲሞክር እሳቸው ወደ በረቱ ዞሩ። ሲዞሩ ውሻው ጭንቅላቱን ሊያነሳ ሞክሮ መልሶ አሳረፈው። ያኔ ልቤ ተሰበረ፤ በዚህ ኩርፊያ መሀል ሊሞት ነው ብዬ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ወተት አይጎዳም። ግን መድኃኒቱ ወደ ቁስሉ እየሄደ መንገድ ላይ ወተትን ያገኘዋል። ሁለቱም እንደ ቦረና ናቸው። ሰላምታ ይጀምራሉ። ከብቱ ናጋ? ሣሩ ናጋ? ዝናቡ ናጋ? ቁስሉ ጋ ሳይደርስ ይመሽበታል።»

ሐኪሙ ተሳደብሽ ብሎ አየኝ። አከራያችን ግን ቀስ ብለው ዞሩ።

«ወተት ጥፋት የለውም» አሉ።

«የለውም። ሰላምታ ነው ያበዛው።»

የከንፈራቸው ዳር ተነቃነቀ። ውሻውን አዩት፣ ጮጮውን አዩት። «እንግዲያው አይገናኙ» አሉ።

መድኃኒቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። አዲሱ ጣጣ ደግሞ በምን ይሰጠው የሚለው ሆነ፤ ባዶ ሆዱን ከሰጡት ያስመልሰዋል። ሐኪሙ የሥጋ መረቅ አለ። አከራያችን የሚያርዱት የለ፤ ስለዚህ እኔ ሄድኩ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እስላም ሥጋ ቤት ቆማ የጎን ሥጋ ስታስቆርጥ ነገሌ ሁሉ አየ። ባለ ሥጋ ቤቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ታመሻል?» አለኝ። «የታመመው ውሻ ነው» ብል ማን ያምነኛል። ባሌ የንስሐ አባታችን ምን ይላሉ ብሎ ተንገበገበ፤ እኔ ግን መረቁን ጓሮ ቀቅዬ፣ ሽታው ምራቄን እያስዋጠኝ፣ ጨውም ቅመምም ሳልነካ ጧትና ማታ ወሰድኩ። ውሻው በመጀመሪያው ቀን በግድ ላሰ። ወተቱን እኩለ ቀን ላይ፣ ከመድኃኒቱ አርቀው ይሰጡታል።

አንድ ጧት መረቁን ይዤ ስሄድ አከራያችን ታልቦ የመጣውን ወተት ለጥጃ መልሰው ሲያጠጡ አየኋቸው። በማግስቱም እንዲሁ። ቦረና ጧት ያለ ወተት አይወጣም። እሳቸው ግን ደረቅ አፋቸውን ከብት አወጡ፣ ፊታቸው ገርጥቷል።

«እማማ፣ እርስዎ ለምን አይጠጡም?»

በአገጫቸው ወደ ውሻው ጠቆሙ። «አፍንጫ አለው» አሉ። «እኔ ፊቱ ጠጥቼ እሱን አትጠጣ ልበለው?»

«ቤት ገብተው ይጠጡ፣ አያይም።»

«እሱ ባያይ እኔ አያለሁ።»

መረቁን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔ የታዘዝኩትን እጾማለሁ፤ እሳቸውን ማንም አላዘዛቸውም። እንባዬ መጣ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ።

መድኃኒቱ ከደም ጋር ሲገናኝ ለካ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ትኩሳቱ ለቀቀው። ከዚያ ቁስሉ ከውስጥ ወደ ላይ እየቀላ ሞላ። አንድ ቀን ጆሮውን ወደ ዝንብ አራገበ፤ ሌላ ቀን በአራት እግሩ ቆሞ ተንገዳገደ። አሁንማ ዳነ ብለው ወተቱን ጧት ይሰጡታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ እስኪያልቅ ብሏል፤ አከራያችን እስኪያልቅ ሰጡ፣ እስኪያልቅም ጧት ጧት ሳይጠጡ ዋሉ። የመጨረሻውን እንክብል ከሰጡት በኋላም ቀኑ እስኪጋመስ ጠበቁ። ከዚያ በጮጮው መጀመሪያ ለእሱ ቀዱ። ጠጥቶ ሲጨርስ ለራሳቸው ቀድተው ጠጡ።

የተላከበት ልጅ ከዳዋ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ውሻው ሞቷል፣ እናቱም ብቻቸውን ናቸው ብሎ ዕቃቸውን የሚጭንበት ግመል ይዞ ነው የመጣው። ገና አጥሩ ሳይደርስ ውሻው ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ፣ ጎኑ ገና ፀጉር ያላበቀለ፣ እየጮኸ ግመሏን ወደ ኋላ አስፈገፈጋት። እናትየው ከቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እንደ ደንባቸው ሰላምታ ጀመሩ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃው። እኔም ከመስኮቴ ላይ አፍጥጬ አየሁ፣ በዚያን ቀን ባሌም አልጎተተኝም። ልጁ አንድ ሌሊት አደረ፤ ጧት ወተቱን ጠጥቶ ባዶ ግመሏን እየሳበ ተመለሰ።